የጉድጓዳችን ማንጋኒዝ 0.21 ነው፣ ወረቀቱ 0.5 ይፈቀዳል ይላል፣ ኢንተርኔቱ 0.08፤ የቱን ልመን?

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው፦ «ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ተከራይ ነኝ። የከተማው ቧንቧ በፈረቃ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀመው ግቢው ውስጥ ያለውን የጉድጓድ ውሃ ነው። ጀሪካኑ ውስጡ እየጠቆረ ሲያስቸግረን አስመረመርነው፤ ማንጋኒዝ በሊትር 0.21 ሚሊግራም ይላል፣ ጎኑ ላይ የሚፈቀደው 0.5 ተብሎ ተጽፎ ለመጠጥ ተስማሚ የሚል ማህተም አለው። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ግን የአለም ጤና ድርጅት 0.08 ነው የሚለው። የሶስት ወር ልጅ አለኝ፣ ጡቴ ስላልበቃው ፎርሙላ ነው በብዛት የሚጠጣው። ማነው ትክክል? መንግስት እንዲህ ያለውን ቁጥር የሚያወጣውና የሚቀይረው እንዴት ነው? የኛስ ለምን አልተቀየረም?»

እህቴ፣ ቅድሚያ የልጁን ነገር እንጨርስና ወደ ቁጥሩ እንመለሳለን። ለጊዜው ፎርሙላውን በጉድጓዱ ውሃ አትበጥብጪ። ማፍላት ለማንጋኒዝ አይረዳም፣ ጭራሽ ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ ማንጋኒዙ እዛው ቀርቶ ትንሽ ይወፍራል፣ ብረት ነገር ስለሆነ እሳት አያጠፋውም። ቧንቧው በሚመጣበት ቀን ለልጁ ብቻ የሚሆን ንጹህ እቃ ላይ ቅጂና እሱን አፍልተሽ ተጠቀሚ፣ የቧንቧውም የማንጋኒዝ ውጤት ካላቸው ውሃ አገልግሎት ሄደሽ ጠይቂ፣ መጠየቅ መብትሽ ነው። ቧንቧው ሲጠፋ የታሸገ ውሃ ግዢ፣ እሱንም አፍልተሽ ነው የምትጠቀሚው። ጡትሽ ትንሽም ቢሆን አታቋርጪ፣ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ በጣም ትንሽ ነው። እናንተ ትልልቆቹ ደግሞ በ0.21 ወጥ ብትሰሩበት፣ ቡና ብታፈሉበት፣ ልብስ ብታጥቡበት፣ ልጁንም ብታጥቢበት ችግር የለውም። እስከዛሬ ስለጠጣው ደግሞ አብሽሪ፣ ይሄ ድንገት የሚመርዝ ነገር አይደለም፣ ጥንቃቄው ለወራት እንዳይቀጥል ነው።

አንድ ነገር ግን ወረቀቱን አውጥተሽ እዪልኝ፤ ማንጋኒዝ ነው ወይስ ማግኒዥየም? ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፣ ሲጽፉም ይሳሳታሉ። ማግኒዥየም በጉድጓድ ውሃ ውስጥ በአስር ቤት የሚቆጠር ሚሊግራም ቢኖር የተለመደ ነው፣ ማንጋኒዝ ግን ከነጥብ በኋላ ነው የሚወራው። 0.21 ከሆነና ጀሪካኑም ከጠቆረ ማንጋኒዝ መሆኑ አያጠራጥርም።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው። ማነው ትክክል ላልሽው መልሴ ሁለቱም ቁጥሮች በተወሰዱበት ጊዜና በታሰበላቸው ሰው ልክ ትክክል ናቸው የሚል ነው፣ ለሶስት ወር ልጅ ከሆነ ግን እኔ 0.08ን ነው የምይዘው። ለምን እንደሆነ ሂሳቡን ላሳይሽ፣ ሰው ሁሉ ስታንዳርድ ሲባል ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል እንጂ በእጅ የሚሰራ ሂሳብ ነው፣ ካልኩሌተር ይዘሽ መከተል ትችያለሽ።

የአለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያውን የመጀመሪያ እትም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ያኔ ማንጋኒዝ 0.1 ነበር፣ ግን በጤና ምክንያት አልነበረም፣ ልብስና የመታጠቢያ ሳህን ያጠቁራል፣ ጣእም ያበላሻል ተብሎ ነው። በ1993 ሁለተኛው እትም ሲመጣ በጤና ተሰልቶ 0.5 ሆነ። በ2004 ሶስተኛው እትም ላይ 0.4 ሆነ። የ2004ቱ ሂሳብ እንዲህ ነበር፤ አንድ አዋቂ ከምግብ በቀን እስከ 11 ሚሊግራም ማንጋኒዝ ቢወስድ ጉዳት አልታየም፣ ሰውየው 60 ኪሎ ነው ብለን ስናካፍል ለአንድ ኪሎ 0.18 ገደማ ይመጣል፣ በውሃ ሲመጣ ሰውነት ከምግብ ይልቅ በቀላሉ ሊስበው ይችላል ብለው ለጥንቃቄ በ3 አካፈሉት፣ 0.06 ሆነ። ከዚህ ውስጥ ውሃ ድርሻው 20 በመቶ ይሁን፣ ሰውየው በቀን 2 ሊትር ይጠጣል፤ 0.06 ሲባዛ በ60፣ ሲባዛ በ0.2፣ ሲካፈል ለ2፣ 0.36 ይመጣል፣ አጠጋግተው 0.4 አሉት። ልብ በይ እህቴ፣ በዚህ ሂሳብ ውስጥ ያለው ሰው ባለ 60 ኪሎ አዋቂ ነው። ያንቺ ልጅ የለም።

ከዚያ በ2011 አራተኛው እትም ላይ ይባስ ብሎ ቁጥሩን ጭራሽ አነሱት። ምክንያታቸው ጤና ላይ ችግር የሚያመጣው መጠን ላይ ከመድረሱ በፊት ውሃው ጠቁሮ ሰው ራሱ ይተወዋል የሚል ነበር። ወረቀት ላይ ልክ ይመስላል፣ ግን እኛ አገር ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው የጠቆረ ጀሪካን አጥቦ መልሶ ይቀዳል እንጂ ውሃውን አይተውም፣ ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዛው ሰሞን ባንግላዴሽና ካናዳ ኩቤክ ውስጥ የጉድጓድ ውሃቸው ማንጋኒዝ በሚበዛባቸው ልጆች ላይ የተሰሩ ጥናቶች ከልጆቹ የማሰብ ችሎታ መለኪያ ውጤት ጋር ግንኙነት እያሳዩ መጡ። ጥናቶቹ ብቻቸውን ቁጥር ለማውጣት አይበቁም፣ ስንት ሲደርስ ነው የሚጎዳው የሚለውን በትክክል አይነግሩሽም፣ ግን ፋይሉ ድጋሚ እንዲከፈት አደረጉ።

ፋይሉ ሲከፈት የተሰራው አዲስ ሂሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። ገና በተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ላይ በተሰራ ሙከራ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 25 ሚሊግራም ሲሰጣቸው ነርቭና ጠባይ ላይ ለውጥ ታየ። ይሄን በ1000 አካፈሉት፣ 10 ከአይጥ ወደ ሰው ስንመጣ ላለው ልዩነት፣ 10 በሰውና በሰው መካከል ላለው ልዩነት፣ 10 ደግሞ ምንም ጉዳት ያልታየበት ዝቅተኛ መጠን ስላልተገኘ። 0.025 መጣ። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ከውሃ ቢመጣ፣ ህጻኑ 5 ኪሎ ቢመዝን፣ በቀን 0.75 ሊትር ቢጠጣ፤ 0.025 ሲባዛ በ5፣ ሲባዛ በ0.5፣ ሲካፈል ለ0.75፣ 0.083። አጠጋግተው 0.08። በ2022 የወጣው የአራተኛው እትም ሁለተኛ ማሻሻያ ላይ የገባው ይሄ ነው። ያንቺ ልጅ አሁን ሂሳቡ ውስጥ ገባ ማለት ነው፣ ባለ 5 ኪሎ፣ ጡጦ የሚጠጣ፣ ምግቡም መጠጡም ያው ውሃ የሆነ። የህጻን አንጀት ማንጋኒዝን ከአዋቂ በላይ ይስባል፣ በሀሞት በኩል ማስወጣቱም ገና አልጠነከረም፣ ለዚህ ነው እሱን መሰረት ያደረጉት።

ያ ቁጥር ግን ጊዜያዊ የሚል ምልክት አለበት። በ1000 አካፍለሽ የመጣ ቁጥር ሰፊ እርግጠኝነት የሌለው ነገር ውስጡ አለ ማለት ነው፣ ራሳቸውም ይሄን ነው የሚሉት። ስለዚ 0.08 ላይ ደህና፣ 0.09 ላይ በሽታ ብለሽ እንዳታነቢው።

ቀጥለሽ የጠየቅሽው መንግስታት እንዴት ነው የሚቀይሩት የሚለውን ነው። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የአለም ጤና ድርጅት ቁጥር ህግ አለመሆኑ ነው። መመሪያ ነው፣ አገሮች የራሳቸውን ሁኔታ አይተው ስታንዳርድ ያውጡ ነው የሚለው። ስለዚ እያንዳንዱ አገር የራሱ ሰአት አለው፣ ያንዱ ቶሎ ይቆጥራል ያንዱ ይዘገያል።

አሜሪካን እንውሰድ፣ አሰራሩ በህግ የተጻፈ ስለሆነ ለማየት ይመቻል። የመጠጥ ውሃ ደህንነት ህጋቸው የወጣው በ1974 ነው፣ በ1996 ሲሻሻል ሁለት ነገር ተጨመረበት። አንደኛው፣ ስታንዳርድ ያለውን ነገር ሁሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤቱ ቢያንስ በየ6 አመቱ መከለስ አለበት፣ ሲከልስም የህዝብን ጤና ጥበቃ መቀነስ አይችልም፣ ማስጠበቅ ወይ ማጠናከር ነው የሚችለው። ሁለተኛው ስታንዳርድ ስለሌላቸው ነገሮች ነው፤ በየ5 አመቱ የእጩዎች ዝርዝር ይወጣል፣ ከዝርዝሩ ቢያንስ አምስቱ ላይ ስታንዳርድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል ውሳኔ መሰጠት አለበት። ከዚህ ጎን ለጎን ደግሞ ህጉ በየ5 አመቱ እስከ 30 የሚደርሱ ስታንዳርድ የሌላቸው ነገሮች ተመርጠው በመላ አገሪቱ ባሉ የውሃ ተቋማት እንዲለኩ ያዛል። እኔ ትልቁ ነገር ይሄኛው ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ስንት ሰው በስንት መጠን እየጠጣ እንደሆነ ሳታውቂ ቁጥር ብትቀይሪ በጭፍን ነው።

ያንቺው ማንጋኒዝ እዛ ምን ሆነ መሰለሽ? የመጀመሪያው እጩ ዝርዝር ውስጥ ነበር፣ በ2003 ስታንዳርድ አያስፈልገውም ተብሎ ወጣ። የማያስገድድ የጤና ምክር ብቻ አላቸው፣ 0.3። ከዚያ አዳዲስ ጥናት ሲመጣ ተመልሶ ዝርዝር ውስጥ ገባ፣ ከ2018 እስከ 2020 በመላ አገሪቱ እንዲለካ ተደረገ፣ በ2022ቱ ዝርዝርም ውስጥ አለ። እንግዲህ ይታይሽ፣ ያን ያህል ላቦራቶሪና ገንዘብ ያለው አገር ከ20 አመት በላይ ወዲህና ወዲያ ሲል ነው የቆየው። ካናዳ ግን በ2019 በመመሪያዋ ላይ ከፍተኛው የሚፈቀደው መጠን 0.12 ነው ብላ አወጣች፣ እሷም በጡጦ የሚያድጉ ህጻናትን መሰረት አድርጋ ነው። ስለዚ ያንቺ 0.21 ኮምቦልቻ ላይ ያልፋል፣ የአሜሪካንም ምክር ያልፋል፣ ካናዳ ላይ ይወድቃል፣ የአለም ጤና ድርጅትም ላይ ይወድቃል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው እኮ።

ገንዘብና ፖለቲካም እንዳለበት ለማየት ደግሞ አርሴኒክ የሚባለውን በውሃ ውስጥ የሚገኝ መርዝ ታሪክ ልንገርሽ። አሜሪካ ከ1942 ጀምሮ 50 ማይክሮግራም በሊትር ነበር የምትፈቅደው። የአለም ጤና ድርጅት በ1993 ወደ 10 አወረደው። አሜሪካ በ2001 መጀመሪያ 10 ብላ አወጀች፣ ወዲያው አዲስ አስተዳደር ገባና ትናንሽ ከተሞች ወጪውን አይችሉትም ተብሎ እንዲቆም ተደረገ፣ ሳይንስ አካዳሚያቸው ድጋሚ አይቶ አደጋው እንደውም ከታሰበው ይበልጣል ሲል በዛው አመት ጥቅምት ላይ 10 ይጸናል ተባለ፣ ተቋማት ግን እንዲያሟሉ የተገደዱት ከጥር 2006 ጀምሮ ነው። አውሮፓ ህብረትም የእርሳስን መጠን ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም በሊትር ለማውረድ በ2020 ወስኖ የሰጠው ቀነ ገደብ ጥር 2036 ነው፣ ምክንያቱም እርሳሱ ያለው በየሰው ቤት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ላይ ነው፣ ቧንቧ መንቀል ደግሞ በአዋጅ በአንድ ቀን አይሆንም። አዋጁ የሚወጣበት ቀንና ውሃው የሚስተካከልበት ቀን ይራራቃሉ፣ በየትም አገር።

ወደኛ እንምጣ። የኛ የመጠጥ ውሃ ስታንዳርድ ሲኢኤስ 58 ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ነው ላቦች የሚጠቀሙበት፣ ሲኢኤስ ማለት አስገዳጅ የኢትዮጵያ ስታንዳርድ ማለት ነው። አስገዳጅ ያልሆኑ ብዙ ስታንዳርዶች አሉ፣ ይሄ ግን ጤና ስለሆነ ግዴታ ነው። የሚያወጣው ድሮ ኤጀንሲ የነበረው አሁን የኢትዮጵያ ስታንዳርዶች ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። የሚሰራው በቴክኒክ ኮሚቴ ነው፣ የሚመለከታቸው መስሪያ ቤቶች፣ ላቦች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አምራቾች ሰው ይልካሉ፣ ድራፍት ይወጣል፣ አስተያየት ይሰበሰብበታል፣ ከዚያ ይጸድቃል። በአለም አቀፍ የስታንዳርድ ድርጅት ልማድ አንድ ስታንዳርድ በ5 አመት አንዴ ወጥቶ ይታያል፣ ወይ እንዳለ ይቀጥላል፣ ወይ ይሻሻላል፣ ወይ ይሰረዛል።

አሁን ያንቺን ወረቀት ድጋሚ እይው። 0.5። የአለም ጤና ድርጅት በ1993 ያወጣው ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ እዛ 0.4 ሆኗል፣ ተሰርዟል፣ 0.08 ሆኖ ተመልሷል። ቁጥሩ የተሳሳተ ሰው ያወጣው አይደለም፣ በዘመኑ የነበረውን ምርጥ ሂሳብ ነው የያዘው፣ ግን ስታንዳርድ ጀርባው ላይ የተመረተበት ቀን አለው፣ ሰው ያንን አያነብም። ማህተሙን የመታልሽም ባለሙያ ስራውን በትክክል ነው የሰራው፣ እሱ በእጁ ካለው ቁጥር ጋር ነው የሚያስተያየው፣ ከራሱ ቁጥር ማምጣት አይችልም፣ ማድረግም የለበትም። እኔ ቅር የሚለኝ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ለህጻናት የሚል ማስታወሻ አለመኖሩ ነው። ለዚህ እኮ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።

ታዲያ ለምን ነገ ተነስተን 0.08 አንልም? ይሄን ጥያቄ ወጣት ባለሙያዎችም ይጠይቁኛል፣ ንዴታቸው ይገባኛል፣ ግን ቀስ ብለን እንየው። ነገ 0.08 ብንል ስንት ጉድጓድ ከስታንዳርድ ውጪ ይሆናል? ይሄ ዝም ብሎ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ ከአለቱና ከአፈሩ ማንጋኒዝ ይሟሟል፣ በማንም ጥፋት የመጣ አይደለም። ያ ጉድጓድ ተዘጋ እንበል፣ ሰዉ የት ይሄዳል? ቦርከና ወንዝ ወርዶ ይቀዳል፣ ወይ ካልተጠበቀ ምንጭ። ማንጋኒዙን ሸሽተን ልጁን ለተቅማጥ ሰጠነው ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆ በፍሎራይድ የምናየው ይሄው ነው፣ ቁጥሩ 1.5 ነው፣ እዛ አካባቢ ግን ከዚያ በላይ የሆኑ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው፣ የልጆች ጥርስ ሲበልዝ በአይናችን እያየን ሌላ ውሃ ስለሌለ ይጠጣል። ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ብቻውን ውሃ አያጠራም።

ሁለተኛው መለካት ነው። 0.08ን ገደብ ካልሽ ከዚያ በደንብ ዝቅ ያለውን ሳይሳሳት የሚለካ መሳሪያ በየላቡ ሊኖር ይገባል፣ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ሊኖር ይገባል፣ መብራት ሊኖር ይገባል። ሶስተኛው ማጣራቱ ነው፤ አይረን በአየር ብቻ ተናፍሶ ተጣርቶ ይወጣል፣ ማንጋኒዝ ግን እልኸኛ ነው፣ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየው ቁጥር) ካልጨመርሽለት በአየር ቶሎ ወደ ቅንጣት አይቀየርም፣ ክሎሪን ወይ ፖታሺየም ፐርማንጋኔትና በማንጋኒዝ የተለበጠ አሸዋ ይፈልጋል፣ ይሄ ሁሉ ታሪፍ ላይ ይጨመራል፣ የሚከፍለውም ያው ህዝቡ ነው።

የኔ ሀሳብ፣ ኮሚቴ ላይ ብቀመጥ የምለው፣ ሁለት ደረጃ ይሁን ነው። ለጊዜው ጉድጓድ የማያዘጋ መካከለኛ ገደብ ከቀነ ገደብ ጋር ይቀመጥ፣ ከ0.08 በላይ ለሆነ ውሃ ሁሉ ግን ለጡጦ አትጠቀሙ የሚል ማሳሰቢያ ከዛሬ ጀምሮ ግዴታ ይሁን። እናቶችን ማስጠንቀቅ ወጪው ወረቀትና ቀለም ነው። ከዛ ጎን ለጎን በየከተማው ያለው ውጤት አንድ ቦታ ይሰብሰብ። አሁን አንዱ ላብ መሳቢያ ውስጥ፣ ሌላው ኮንትራክተር እጅ፣ ሌላው የማስተርስ ጥናት ውስጥ ተበታትኖ ነው ያለው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የራሳችን ዳታ ከሌለ የሰው አገር ቁጥር ገልብጠን እንወጣለን።

ስለ ዳታ ካነሳን አንድ ያጋጠመኝን ልንገርሽ፣ ላንቺም ይጠቅምሻል። ደሴ ላብ ውስጥ እሰራ በነበረ ጊዜ አንድ አባት ከጉድጓዳቸው ውሃ ይዘው መጡ፣ በሃይላንድ ነው የቀዱት፣ ያውም ልጅ ጁስ የጠጣበት የሚመስል፣ ታችው ላይ እንደ ጥላ አተላ ጥቁር ቅንጣት ተቀምጧል። እኔም ያኔ ልጅ ነኝ፣ አሲድ ጨምሬበት ለካሁት፣ 0.9 መጣ። ሰውየው ደነገጡ፣ ጉድጓዱን ላስደፍነው አሉ። አለቃዬ ጠርሙሱን ብርሀን ላይ አንስቶ አየውና «ምኑን ነው የለካኸው፣ ውሃውን ነው ሮቶውን?» አለኝ። አብረን ሄድን፣ ለካ የቀዱት ከሮቶው ስር ካለው ቧንቧ ነው፣ የሮቶው ወለል ላይ አመታት የተጠራቀመ ጥቁር ጭቃ አለ፣ አሲዱ ሲገባ ያ ሁሉ ቅንጣት ሟሟ። ፓምፑን አስነስተን ውሃው ጥቂት ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ ከጉድጓዱ አፍ ላይ በንጹህ ጠርሙስ ስንቀዳው 0.1 ሆነ። እዛ ቤት ሮቶ ማጠብ ነበር የሚያስፈልገው። እኚያ አባት ውጤቱን ይዘው ጉድጓዱን ቢያስደፍኑት ኖሮ ጥፋቱ የኔ ነበር።

ስለዚ ያንቺንም ድጋሚ አስለኪው። ሁለት ጠርሙስ ያዢ፣ ላቡ ራሱ አሲድ ያለበት ጠርሙስ ከሰጠሽ እሱን አታለቅልቂው፣ አሲዱ ሆን ተብሎ ነው የገባው። አንዱን ከጉድጓዱ አፍ ፓምፑ ትንሽ ከሰራ በኋላ፣ አንዱን ደግሞ አንቺ ከምትቀጂበት ቧንቧ። ከተጣራና ካልተጣራ ሳምፕል ሁለቱንም ይለኩልኝ ብለሽ ጠይቂ፣ ማጣራቱ ግን አሲድ ከመግባቱ በፊት ነው፤ በጉድጓዱ አፍና በቧንቧው ውጤት መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ችግሩ ሮቶው ወይ ቧንቧው ላይ ነው፣ ካልተለያየ ከመሬቱ ነው የሚመጣው። አከራይሽን በጥሩ ቃል አነጋግሪ፣ ሮቶ ማሳጠብ ለሁሉም ተከራይ ይጠቅማል። በረኪና ወይ ውሃ አጋር ስትጨምሩበት ውሃው ቡና አይነት መልክ ካመጣም አትደንግጡ፣ ክሎሪኑ ማንጋኒዙን ወደ ቅንጣት እየቀየረው ነው፣ ግን ክሎሪኑ እዛው ያልቃል ማለት ስለሆነ ለጀርም የሚተርፍ ላይኖር ይችላል።

ጀርም ካነሳሁ አይቀር ይሄን ሳልል ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ወረቀትሽ ላይ የኢኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ጀርም) ውጤት አለ? ብዙ ሰው ኬሚካሉን አስመርምሮ ይሄን ይተዋል። ኢኮላይ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ዜሮ ነው መሆን ያለበት፣ የአለም ጤና ድርጅትም ያን ነው የሚለው፣ የኛም፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ማንጋኒዝ በወራት የሚታሰብ ነው፣ ይሄ ግን የሶስት ወር ልጅን በሁለት ቀን ሊያደርቅ ይችላል። ጉድጓዱ ከሽንት ቤቱ ምን ያህል ይርቃል? አፉ ተሸፍኗል? ክረምት ላይ ጎርፍ ይገባበታል? ቧንቧውም ቢሆን ፈረቃ ሲሆን መስመሩ ባዶ በሚሆንበት ሰአት በስንጥቁ ውጪ ያለውን ቆሻሻ ይስባል፣ ስለዚ ውሃው እንደመጣ የመጀመሪያውን አፍስሺው፣ ጠራ ሲል ቅጂ። የቧንቧ ውሃ ቤትሽ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን ሊኖረው ይገባል፣ ትንሽ የክሎሪን ሽታ ስትሰሚ እሰየው ነው።

ሰፈርሽን አልነገርሽኝም፣ ግን ወርካና ሌዮሌ ወንዞች አጠገብ ከሆነ ክሮሚየምም አብሮ ይለካ በያቸው። እነዚህ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሚገባባቸውና ክሮሚየም እንደተገኘባቸው በጥናት ታትሞ የወጣ ነው፣ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ከወንዙ ጋር ሊገናኝ ይችላል። የዚህ ገደብ 0.05 ነው፣ ካለፈ ለልጁም ለትልቁም አይጠጣም።

ሁለተኛው ውጤት ሲወጣ የሁለቱንም ወረቀት ኮፒ ውሃ አገልግሎትም ጤና ቢሮም አስገቢ፣ ከላይ ቀኑን፣ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ሳምፕሉ ከየት እንደተቀዳ ጻፊበት። ማመልከቻ ሳይሆን መረጃ ነው በያቸው፣ ተቀበልኩ የሚል ፊርማ ያዢ። ድጋሚ ውጤቱ 0.08 ወይ ከዚያ በታች ከመጣ ለፎርሙላም አፍልተሽ መጠቀም ትችያለሽ። ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ ቢያንስ አመት እስኪሞላውና ምግብ በደንብ እስኪጀምር የሱን ውሃ ለይተሽ ያዢ፣ በቀን ከአንድ ሊትር አይበልጥም፣ አንድ ክዳን ያለው ትንሽ ጀሪካን ይበቃዋል።